ባለመነጽሯ ፍየልና የሐዋ ጊደር

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይጨቃጨቁ ነበር። «አሁኑኑ ሽጠው!» ይላል አንዱ። «ቆይ እንጂ፣ ገና ይወጣል» ይላል ሌላው። የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሁሌም ይከብደኛል፤ ያን ቀን ግን የባሰብኝ ያ «ቆይ» የሚለው ቃል ነበር።

ቃሉ ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ መለሰኝ። የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ልጅ ብሆንም፣ ያኔ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ፣ ከቢስቲማ ከመጣችው ከሐዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ነሐሴ ላይ ደሴ በጭጋግ ስትንቀጠቀጥ እኛን ላብ ያጠምቀናል። ከፈረቃ ስንወጣ በር ላይ በለስ እንገዛና እሾሁን ከጣታችን እየነቀልን፣ እየሳቅን ወደ ቤት እንሄዳለን። እህት የለኝም፤ እህት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት በሐዋ ነው።

ሐዋ ግን ሐሳቧ ዐረብ አገር ነበር። እናቷ ጊደር ሸጠው ብሩን ሲሰጧት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጫት ይዘው ተቀምጠው ዱዓ አድርገውበታል። ስለዚህ ተርባ እንኳ አትነካውም። ችግሩ፣ ለጉዞው አልሞላም።

በዚያው ሰሞን ክሪፕቶ የሚባለው፣ በስልክ የሚገዛና የሚሸጥ ገንዘብ ወሬ ፋብሪካችን ገባ። የትልልቆቹን ሳንቲሞች ዋጋ ማን ይችላል? እኛ የምናሳድደው ስማቸውን ማንም የማያውቃቸውን ጥቃቅኖቹን ነበር። «ጎደሎሽን ይሞላልሻል» ብዬ ወተወትኳት፤ ያን ስል ከልቤ ነበር። በጊደሯ ብር ምልክቷ መነጽር ያደረገች ፍየል የሆነች አንዲት ሳንቲም ገዛን፤ የሐዋ ስልክ ተራ ስለነበር በስልኬ የምይዛት እኔ ነበርኩ።

«ፍየል ከሆነችማ እናውቃታለን» ብላ ሳቀች ሐዋ።

ፍየሏ ወጣች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ብሩ ሦስት እጥፍ ሆነ። አንድ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሐዋ የዕለቱን ዋጋ ሰምታ፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ እየሮጠች መጣች።

«ወላሂ ሞልቷል! በይ ሽጭው፤ እሑድ አዲስ አበባ እገባለሁ።»

እሑድ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መሄዷን በአፌ እንጂ በልቤ አላመንኩትም ነበር። ባዶ አልጋዋ ታየኝ። ምን እንደምል ሳላስብ አፌ ቀደመኝ።

«በዱዓ የመጣ ብር አይደል? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። በጁምዓ ብንሸጠው በረካ አለው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆብኝ ያልፍ ነበር። ሐዋ ግን ቆም አለች።

«እውነትሽን ነው። አብሽሪ፣ ጁምዓ ይሁን።»

አላህ ያውቃል፣ እንድትከስር አልፈለግሁም። ሁለት ቀን ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ሐሙስ ከሰዓት ፍየሏ ገደል ገባች። የፈጠሯት ሰዎች ያላቸውን ሸጠው ጠፉ፤ የቀረን አንድ ሰሃን በለስ አይገዛም። ሐዋ ስልኬን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«እናቴን ምን ልበላት?» አለችኝ።

አቅፌያት አለቀስኩ። እንባዬ የእውነት ነበር። ከእንባዬ ሥር ግን አንድ ነገር «በቃ፣ አትሄድም» እያለ ደስ ይለው ነበር። ሰው እንዲህ እያለቀሰ ሊደሰት እንደሚችል ያን ቀን አወቅሁ፤ ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

እናቷ አልተቆጡንም። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው፣ ልጆቼ» ብለው ሳቁ እንጂ። ያችን ጊደር ሳይተኩ ሞቱ።

ሐዋ ዛሬ የፈረቃ ኃላፊ ናት፤ አግብታ ወልዳለች፤ ጎረቤቴ ናት፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ያንን ጊዜ ስናነሳ አንድም ቀን በምሬት አውርታ አታውቅም። «አላህ ነው ያስቀረኝ። እዚሁ ከናንተ ጋር ያኑረኝ» ትላለች፣ እጇን ዘርግታ።

እኔም ከሷ እኩል እጄን ዘርግቼ፣ ዐይኗን ሳላይ፣ «አሚን» እላለሁ።