የኦሞድ አረንጓዴ ናስትሮ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ እንኳ «ኃጢአቴን ይቅር በለኝ» ብዬ በጅምላ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን በስሙ ልጥራው፤ የኦሞድን ሥራ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት መቀመጥ ሲያንገበግበኝ፣ እዚሁ ጋምቤላ ጋሽ ታደሰ የመኪና ቴፕና ስፒከር የሚገጥምበት ቤት ገባሁ። ቤት ስል አንድ ኮንቴይነርና አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። ከዛፉ ሥር መኪና ይቆማል፣ እኔና ቀድሞኝ የተቀጠረው ኦሞድ በሩን ፈትተን ሽቦ ውስጥ እንገባለን። ሥራውን ያሳየኝ ኦሞድ ነው። ክሮስኦቨር የምትባለዋን ትንሽ ሳጥን ይዞ፣ «ይቺ አከፋፋይ ናት። ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ ስፒከር፣ ቀጭኑን ለትንሿ ትሰጣለች። ካገላበጥሽባት ትንሿ ትቃጠላለች» ያለኝ እሱ ነው። ፀሐይ በረድ ሲል ባሮ ወርደን እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን እንጫወት ነበር። እነዚያን ቀኖች እንዴት እንደምወዳቸው! የማንጎ ሽታ፣ የላብ ሽታ፣ የጋለ ሽቦ ሽታ።

ኦሞድ ጆሮ ነበረው። ዓይኑን ጨፍኖ የትኛው በር ላይ ያለው ስፒከር እንዳመመው ይናገራል። «እህቴ፣ አንቺ ሽቦ ታውቂያለሽ፤ ድምፅ ግን አታውቂም!» ይለኛል። «አንተ ደግሞ ጆሮ ብቻ ነህ፣ ጭንቅላትህ የታለ?» እለዋለሁ። እሱ ከልቡ ይስቃል። እኔ ከጥርሴ።

ከዚያ ሥራ ቀዘቀዘ። ጋሽ ታደሰ «ሁለታችሁንም መያዝ አልችልም» አለ። ማን እንደሚሰናበት ግልጽ ነበር። ድምፅ የማታውቀዋ።

ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። የሠራነውን ገመድ በየራሳችን ቀለም ናስትሮ እንጠቀልላለን፤ የእኔ ቢጫ፣ የእሱ አረንጓዴ። ጥፋት ሲመጣ የማን እጅ እንደሆነ ናስትሮው ይናገራል።

የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ለጉባኤ ኢታንግ የሚሄዱበትን ሚኒባስ ኦሞድ ገጠመው። ሲሞክረው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ትከሻውን ነቀነቀ። ኦሞድ ደስ ብሎት እጁን ሊታጠብ ባሮ ወረደ። እኔ ካቻቪቴ አነሳሁ። እኔ ናስትሮውን ፈታሁ። እኔ የትልቁን ስፒከር ገመድ በትንሿ ቦታ አሰርኩ፣ የትንሿን በትልቁ። ከዚያ በእሱ አረንጓዴ ናስትሮ መልሼ ጠቀለልኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለምን አልተንቀጠቀጠም? እስከዛሬ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

መዘምራኑ ተሳፈሩ፣ ሹፌሩ መዝሙሩን እስከ ጥግ ለቀቀው። ትንንሾቹ ስፒከሮች ተንጣጡ፣ ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ጋሽ ታደሰ ገመዱን ጎትቶ አረንጓዴውን አየ።

«ኦሞድ! በጌታ ቤት መኪና?»

ኦሞድ ገመዱን አገላብጦ አየው። አሁን ቀና ብሎ «ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» ይላል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። «ጋሽዬ፣ ከሞከርኩት በኋላ ስጠቀልለው አገላብጬው ይሆናል፤ ተሳስቻለሁ» አለ። የራሱን እጅ ጠረጠረ እንጂ እኔን አልጠረጠረም። ተሰናብቶ ሲወጣ እኔ ጋ መጥቶ፣ «እህቴ፣ ሰው ፊት አሳፈርኳችሁ፣ ይቅርታ» አለኝ። እኔን! እኔም «ምንም አይደል» አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዛሬ ጋሽ ታደሰ ኮንቴይነሩን ለእኔ ትቶ ሄዷል። ኦሞድ በፑኝዶ መንገድ የነጋዴ ዕቃ የሚጭን አይሱዙ ይነዳል። በቅርቡ የመኪናው ስፒከር ተበላሽቶበት ወደ እኔ አመጣው። «ራስህ ስማውና ንገረኝ እንጂ፣ የትኛው ነው?» አልኩት።

«ኧረ ተይኝ! እኔ እኮ የጌታን መኪና ያቃጠልኩ ሰው ነኝ» ብሎ ሳቀ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ሲስቅ አብሬው ሳቅሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ቸግሮኝ ነበር አልልም። ያኔ እንጀራውን ወሰድኩበት፤ በዚያች ሳቅ ደግሞ ጆሮውን ቀበርኩት። አንተ ይህን የምታነብ ይቅር ብትለኝ ምን ያደርግልኛል? ሊምረኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚምረው ነገር እንዳለ አያውቅም።