ጭቃው ላይ የቀረችው ቅጠል

ያኔ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባዎቹ ሊያልቁ ግድም። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን መብራት ድንገት ሲጠፋ እጄ ሳላዝዘው ኪሴን ይዳብሳል። ለምን እንደሆነ የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ናት። ዛሬ እናንተም እወቁት።

ሥራዬ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ማንሳት ነበር። ሰው ይገባል፣ ፀጉሩን በመዳፉ ያስተካክላል፣ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ የተጣላ ይመስላል፣ አነሳዋለሁ። አንድ ጠዋት ኦቦ ሙሜ የሚባሉ የበደሳ ገጠር ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ።

"እኔን አይደለም የምታነሳው" አሉኝ። "ቀዳዳ ነው።"

"የምን ቀዳዳ?"

"የሆልቃ፣ የዋሻ። እኛ ጋ ሁለት ዋሻ አለ። አንዱ ከጋራው ወዲህ፣ አንዱ ከጋራው ወዲያ። ውስጥ ለውስጥ ይገናኛል። ወጣት ሆኜ በዚህ ገብቼ በዚያ ወጥቻለሁ፣ ወላሂ! ጫት ስንቅም፣ በርጫ ላይ፣ ስናገር ይስቁብኛል። ምርቃና ነው ያሳየህ ይሉኛል።"

እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "አርባ ዓመት ውሸታም አሉኝ" አሉ። "ሳልሞት እውነት ነው ይበሉኝ። ሌላ አልፈልግም።"

በማግስቱ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ከኦቦ ሙሜ ጋር በጭነት መኪና በደሳ ወረድኩ። ዋሻው ከዚያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለው። የራሺያ ካሜራዬን፣ ፍላሼንና አንድ የእጅ ባትሪ ይዣለሁ። ኦቦ ሙሜ አንድ ዙርባ ጫት ይዘዋል።

ከዋሻው አፍ ላይ ምርኩዛቸውን አስደግፈው፣ ቢስሚላህ ብለው በቀኝ እግራቸው ገቡ። መጀመሪያ ሰፊ አዳራሽ ነው። ከዚያ ጣሪያው እየወረደ፣ እየወረደ መጥቶ በእንብርክክ አስኬደን፤ በመጨረሻም በደረታችን አስተኛን። ጭቃው ለስላሳ ነው፤ እጅ ሲያስገቡበት ቀስ ብሎ ይውጣል፣ ሲያወጡት ይሰናበታል። ውጭ በምርኩዝ የሚሄዱት ሽማግሌ ከፊቴ እንደ ጎረምሳ ይሳባሉ። እየቃሙ ነው የሚሄዱት። ድምፃችን ከእኛ ቀድሞ ይሄድና ቆይቶ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ይመለሳል። ስንት ሰዓት እንደሄድን አላውቅም። ሰዓት የሚባል ነገር መኖሩንም የረሳሁ ይመስለኛል።

መሃል ከደረስን በኋላ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ፤ ኦቦ ሙሜ ያለፉበት ሁሉ ገራባ ነው። ገራባ የምንለው ቃሚ የሚጥለውን የጫት ትርፍራፊ ነው። በእኛ አገር ሰው ገራባውን የትም ይጥላል፤ እሳቸውም ልማድ ሆኖባቸው መስሎኝ። እኔ ደግሞ ኮሌታ ላይ ያለ ክር ሳልለቅም ሰው የማላነሳ ነኝ። ከኋላቸው እየተከተልኩ ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቅሜ ኪሴ ከተትኩት። እሳቸው ዞር አላሉም።

በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወጣን። ወደ ኋላ ተጠግቼ ስመለከት በአንዱ ግድግዳ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። በአንዱ መጥተናል። አንዱ ወደ ውሃ ይወርዳል አሉኝ። የቀኙ የዚያኛው ዋሻ መንገድ ነበር፤ አሁን ጭቃ ሞልቶት የሰው ጭንቅላት አያሳልፍም። ግን ባትሪውን ሳጠፋው ከቀዳዳው ወዲያ ማዶ እንቁላል የምታህል ብርሃን ታየች። የፀሐይ ብርሃን! ከጋራው ወዲያ ያለች ፀሐይ!

"አየህ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አየሁ።"

ይህን በፍላሽ ብቻ ማንሳት አይቻልም። ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፌ መዝጊያውን ከፈትኩት፤ ጭቃው እንዲታይ ፍላሹን አንዴ ብልጭ አደረግኩና የሩቋ ብርሃን ፊልሙ ላይ እስክትቀመጥ በጨለማ መጠበቅ ሆነ። ፍላሹ ሲበራ በግራው ቀዳዳ ከንፈር ላይ አንዲት ገራባ ተለጥፋ አየሁ። ሳልለቅማት ቀርቻለሁ። ፎቶዬን አበላሸችው ብዬ ተናደድኩ።

"ስንት እንቆይ?"

"መቶ ይቁጠሩ።"

"እኔ በሶላዋት ነው የምቆጥር" አሉና ለነቢዩ ሶላዋት ማውረድ ጀመሩ። ድምፃቸው ከጭቃው፣ ከጣሪያው፣ ከራሴ ደረት የሚወጣ መሰለኝ። ዓይኔ ተከፍቶ ይሁን ተዘግቶ አላውቅም። ሰውነት የለኝም፣ ስም የለኝም፤ ያለችው ያቺ እንቁላል ብቻ ናት። ሞት እንዲህ ከሆነ አይከፋም ብዬ አሰብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አርፌ አላውቅም።

መቶ ሞላ። መዝጊያውን ዘግቼ ባትሪውን ብጫነው አልበራም። መታሁት፣ ነቀነቅኩት። ጭቃ ገብቶበታል።

"አትፍራ" አሉ ኦቦ ሙሜ። "ገራባዬን እንዳብሳለን።"

"የትኛውን?"

"በየመታጠፊያው የጣልኩትን። አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። ስትሄድ ጣል፣ ስትመለስ በእጅህ ታገኘዋለህ።"

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ኪሴ ሙሉ ነበር።

 ቅጠሉን መልቀሜን ነገርኳቸው።  "አቦ" አሉ፣ "ዋሻውን ጠረግክልኝ?" ሊስቁ ጀምረው ሳቁ መንገድ ላይ ቀረባቸው።

"የመጣነው በመሃለኛው ይመስለኛል" ብለው ሲንቀሳቀሱ ሰማሁ። እኔም አልጠራጠራቸውም ነበር። ግን ያቺ ያናደደችኝ ቅጠል ፊቴ ድቅን አለች። ተወርውሬ ሽርጣቸውን ያዝኩ። "ኦቦ ሙሜ፣ ይቆዩ! በግራው ነው። እዚያ አንዲት ሳልለቅማት ቀርታለች!"

ፍላሹን ተጫንኩ። ቅጠሏ እዚያው ናት። በመሃለኛው ቀዳዳ አፍ ላይ ደግሞ፣ ከኦቦ ሙሜ ክንድ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ውሃው ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። 

በግራው ገባን። ፍላሹ እስኪሞላ እንደ ትንኝ እየጮኸ ያስጠብቃል፤ ከዚያ ብልጭ ይልና ጭቃው፣ ድንጋዩ፣ የሽማግሌው ተረከዝ ይታያል። ጨለማው ከተመለሰ በኋላም ምስሉ ዓይኔ ውስጥ ትንሽ ይቆያል። በዚያች ቀሪ ምስል አንድ ክንድ እንሳባለን፣ ደግሞ እንጠብቃለን። ትንኙ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ዝም አለ። ወዲያው ኦቦ ሙሜ "አልሃምዱሊላህ" አሉ። እጃቸው ገራባ አግኝቷል፤ እኔ መልቀም ሳልጀምር የጣሏት ነበረች። ከዚያ በኋላ እየዳበሱ አወጡኝ። ውጭ ምርኩዛቸው እንደተደገፈ ይጠብቃቸዋል።

ከዚያ ሁሉ ፎቶ እንደ ምኞቴ የወጣው አንዱ ነው፤ ሦስቱ ቀዳዳ፣ ማዶ ያለችው ብርሃን፣ በግራ በኩል ደግሞ ቅጠሏ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አሳድጌ አጥቤ በርጫው ድረስ ወሰድኩት።

ሰዎቹ ፎቶውን ተቀባበሉት። "ጭቃ ነው፤ የትም ይገኛል" አለ አንዱ። ኦቦ ሙሜ አንገታቸውን ደፉ። ለካ በርጫ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይስቅባቸው የነበረው እኩያቸው ፎቶውን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ ነበር።

"ይቺ የሙሜ ገራባ ናት!" አለ።

"በምን አወቅክ?"

"በግራ በኩል ጥርስ የለውም። ቅጠሉን ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ይነክሳል። አርባ ዓመት አብሬው ስቅም አላውቃትም? እዩዋት!" ከዚያ ጣቱን ወደ ብርሃኗ ወሰደ። "ይሄ ከወዲያ ያለው ሰማይ ነው" አለ። "አፉ በለን፣ ሙሜ።"

ኦቦ ሙሜ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። የፎቶው ሌላ ቅጂ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ ሲያየው፣ "ምን የመሰለ ፎቶ! ምነው ይቺን ቆሻሻ ከጭቃው ላይ ሳታነሳት ቀረህ?" ይለኛል።

"ሌሎቹንማ ለቅሜያቸው ነበር" እለዋለሁ። "እሷን አምላክ ደበቀብኝ።"