መሃል ያልሆነው የመሃል ብሎን

ባሌስትራዋ የሚሏት ሴት የተነቀለ የመንጋጋ ጥርሷን ቦታ በጥጥ ነክሳ ወደ ጋራዡ ስትመለስ የጤና ጣቢያው ጂፕ ከማንሻው ክሪክ ወርዶ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። ልታልፈው ስትል የኋላ ጎማውን አየችና ደርቃ ቀረች። በጭቃ መከላከያው መሃል መቀመጥ የሚገባው ጎማ ወደ ኋላ ሸሽቶ የቆርቆሮውን ጠርዝ ሊልስ ደርሷል።

«ማነው የገጠመው?» አለች። በጥጡ ውስጥ ያለፈው ድምፅ ግን ማጉረምረም ብቻ ነበር።

ሰው ሁሉ ባሌስትራዋ ይላታል፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ በሰፈሩ ጥቂት ነው። አባቷ ባሌስትራ ሠሪ ነበር፤ የመኪና ሸክም የሚያርፍበትን፣ ተደራርቦ የሚታሰር የብረት ቅጠል በእሳት አግሎ የሚያጎብጥ። ሦስት ልጆች ነበሩት። ታላቁ ወንድ ደንበኛ ተቀባይ ሆነ። ትንሿ ተምራ ነርስ ወጣች። መሃለኛዋ እሳቱ አጠገብ ቀረች። ቅሪ ያላት የለም፤ ሂጂ ያላትም የለም። ትዳርም ሞክራ ነበር። ባልየው «ብረት ብረት ትሸቻለሽ» አላት። «ስታገባኝም እሸት ነበር» ብላ ልብሷን ጠቅልላ ተመለሰች።

አባትየው ሲሞት ወንድምየው በሩ ላይ አዲስ ታፔላ ሰቀለ፤ «አባትና ልጅ ጋራዥ» የሚል። ስትጠይቀው «ልጅ ሲባል ሴትንም ይጨምራል» አላት። ታፔላው ላይ የተሣሉት ሁለት ሰዎች ግን ሁለቱም ጢም አላቸው።

የጂፑ አሮጌ ባሌስትራ አጭርና ደረቅ ነበር። በዳገቱ መንገድ ሰውና መድኃኒት ሲያመላልስ ተሰበረ። ረዘም ያለ፣ ለስለስ ያለ እንዲሆን ታዘዘና እሷ ሠራችው። ቅጠሎቹን ወግቶ የሚይዝ አንድ ብሎን አለ፤ በሙያው የመሃል ብሎን ይባላል። በዚህ ባሌስትራ ላይ ግን መሃል አይደለም፤ ወደ ፊት ይጠጋል። አጭሩ ወገን ወደ ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ። አባቷ «መሃል ማለት ሸክሙ የሚቀመጥበት ነው እንጂ ሜትር የሚያወጣው አይደለም» ይል ነበር። ይህንን ወንድሟም ሰምቶታል። መስማት ብቻ ከሆነ ብዙ ነገር ሰምቷል። ጥርሷን ልታስነቅል ስትሄድ በእያንዳንዱ ባሌስትራ ላይ ፊቱን የሚያሳይ ቀስት በጠመኔ ሥላ ነበር የሄደችው።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው ሾፌሩን።

«ምን አለች?» አለ ሾፌሩ።

ወንድምየው በንጹሕ ሸሚዙ ከቢሮው ወጣ። «ጥርሷን ነቅለዋት ነው። ምላሷን ቢነቅሉልን እንገላገል ነበር።»

ሾፌሩ ሳቀ። የጋራዡ ብረት በያጅም መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ሳቀ።

ጥጡን አውጥታ ደሟን ተፋች። «ባሌስትራው ዞሮ ነው የገባው። ፊቱ ወደ ኋላ ሆኗል።»

«ጫፍና ጫፉ ልክ መጣ፣ ብሎኑ ጠበቀ። ምን ጎደለሽ?»

«ጫማም ግራና ቀኙ ተቀያይሮ እግር ይገባል! ቀስት ሥዬልህ አልነበር?»

«የምን ቀስት?»

ጎንበስ ብላ አየች። ባሌስትራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

«ቀለም ቀባኸው» አለች።

«ደንበኛ አዲስ ነገር ማየት ይወዳል።»

ደሟ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ ወንድም ጋሼ ስትለው የኖረችውን ሰው «አንተ ሰውዬ፣ ይህን መኪና ከዚህ አታንቀሳቅስም» አለችው። ባሌስትራው ዞሯል ከመባሉ ይልቅ አንተ ሰውዬ መባሉ ፊቱን ለወጠው። ተጠግቶ በጥርሱ መሃል «ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ሲመለሱ አየዋለሁ» አላት።

«ካልተመለሱስ?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ዓይነት ነው። የሞተሩን ክዳን በመዳፉ ጠፈጠፈና «ሂድ!» አለ።

ሾፌሩ ማርሽ ሳያስገባ ባሌስትራዋ መሬት ተንጋላ ከመኪናው ሥር ገባች።

የጋቢናው በር ተከፈተ። የክትባት ሳጥን ታቅፋ ነርሷ ትንሿ እህት ወረደች። «እትዬ! ምን ሆነሻል? ተነሺ እንጂ! በረዶው እየቀለጠብኝ ነው፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።»

«ለስላሳ መሸጫው ፍሪጅ አለው። ወስደሽ አስቀምጪው፤ ተመልሰሽ እንዳትገቢ!»

«ወንድም ጋሼ ደህና ነው እያለ...»

«ወንድም ጋሼ የቀባው ነው ደህና!»

ሰው ተሰበሰበ። ወንድምየው እግሯን ይዞ ጎተተ፤ ረገጠችው። «ገብተህ እይ» አለች ከሥር። «ጅብ አይደለሁም፣ አልበላህም።» ከተመልካቹ አንዱ «ግባ እንጂ ጋሼ፣ የራስህ ሥራ አይደል?» ሲል ሌላ መውጫ አጣ። በንጹሕ ሸሚዙ ተንጋሎ ገባ።

ጎን ለጎን ተኙ። ከማርሹ የኋላ ጎማዎቹን ወደሚያያይዘው አክሰል ኃይል የሚወስደውን ዘንግ በጣቷ አሳየችው። ዘንጉ ሁለት ክፍል ነው፤ ጥርሳሙ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ዘወትር ተደብቆ የሚኖረው ጥርስ አሁን ወጥቶ ያብለጨልጫል። ውስጥ የቀረው ሁለት ጣት አይሞላም።

«አክሰሉን ወደ ኋላ ወስደኸዋል። ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ አክሰሉ ይወርዳል። ሲወርድ ይሄ ይወልቃል። ወልቆ መሬት ሲወጋ ገደል አፍ ላይ ከሆኑስ? ጋቢና የተቀመጠችው ደግሞ እህትህ ናት።»

ወንድምየው የዘንጉን ጥርስ አየ። እጁን ሰዶ ዳሰሰው።

«ለምን ቀስ ብለሽ አልነገርሽኝም?» አለ በመጨረሻ።

ከሁሉ ያቃጠላት ይቺ ናት። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀስ ብዬ ነግሬሃለሁ!»

ወጣ። ሸሚዙን አራገፈና ጮክ ብሎ «አንድ ያልወደድኩት ነገር አይቻለሁ። ክሪክ አምጡ!» አለ።

ባሌስትራዋ ከሥር ሰማችው። ሾፌሩም በያጁም ሰሙ፤ «አይቻለሁ» ያለውን ያስተካከለ ግን አልነበረም። የምትመልሰው ነበራት፤ ግን ክሪኩ ይቀድማል።

ባሌስትራዎቹ ሲወርዱ መሮና መዶሻ አነሳች። ቅጠሉ ላይ አይመታም፤ የተወጋ ብረት ከዚያው ይሰነጠቃል። ቅጠሎቹን በሚያቅፈው ማሰሪያ ላይ ቀስት ወቀረች፤ ከሥሩም ፊደል በፊደል «ፊት» ብላ ጨመረችበት። በእያንዳንዱ ምት የተነቀለው ጥርሷ ቦታ አብሮ ይመታል።

«ሥራውን አበላሸሽው እኮ። ደንበኛ ምን ይላል?» አለ ወንድምየው።

«ማንበብ የሚችል ያነበዋል። የማይችል እኔን ይጠይቀኛል።»

ቀለም አምጥቶ ቀባበት። ጽሑፉ ከጥቁሩ ሥር ጎድጉዶ ይነበባል። ደግሞ ቀባበት። አሁንም ይነበባል። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ወርውሮ ሄደ።

ባሌስትራዎቹ ፊታቸው ወደ ፊት ሆኖ ሲገቡ ጎማው ቦታውን ያዘ፤ የዘንጉ ጥርስም ተመልሶ ተደበቀ። ሾፌሩ የወንድምየውን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዓይን አለዎት» አለው። ወንድምየው «ሥራችን ነው» አለ። ትንሿ እህት ሳጥኗን ታቅፋ በመስኮት ብቅ አለችና «እትዬ፣ ፊትሽ እኮ አብጧል» አለች።

«ሂጂ በይ፣ በረዶሽ ይቀልጣል።»

ጂፑ ሲወጣ ባሌስትራዋ አላየችውም። ግድግዳው ሥር ተሠርተው፣ ጥቁር ተቀብተው፣ ገዢ የሚጠብቁ ባሌስትራዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን ጎትታ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰረችና መሮዋን ማሰሪያው ላይ አቆመች። የመዶሻው ድምፅ ቢሮውን ሞላው።

«ኧረ ተይ! ራሴን አመመኝ!» አለ ወንድምየው በመስኮት።

«እኔንም ጥርሴን» አለችና መዶሻውን አነሳች።