ሁለት ሰው የሚይዝ አግዳሚ

ክፍሉና ሰብለወርቅ የሚኖሩት ዩለስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላን በወረደ ቁጥር የወጥ ቤቱ መስኮት በሚንቀጠቀጥበት አፓርትማ፣ ሁለተኛ ፎቅ። አንድ አልጋ፣ አንድ መኪና፣ ሐዳሳ የምትባል አንድ የሦስት ዓመት ልጅ አላቸው። ያጡት ነገር ቢኖር አብረው የሚሆኑበትን ሰዓት ነው። ያጋነንኩ ከመሰላችሁ ቁጠሩት። እሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ገና ሳይነጋ ወጥቶ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ክፍል ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ይውላል። እሷ ሰኞና ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ወጥታ እስከ ማታ ኮሌጅ ትማራለች፤ ከረቡዕ እስከ ዓርብ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ትገባለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እዚያው ሁለት ፈረቃ ደርባ ትሠራለች። እሷ ስትመለስ እሱ ተኝቷል፤ እሱ ሲነሣ እሷ ተኝታለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልጁን አቅፎ ብቻውን ሲቀመጥ፣ አዲስ የመጣ ሰው ሚስቱ የሞተችበት እየመሰለው ያዝንለታል።

የሚገናኙት በር ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ክፍሉ ደረጃውን እየሮጠ ይወጣል። ሰብለወርቅ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ትጠብቀዋለች። እሱ የመኪናውን ቁልፍ ይሰጣታል፤ እሷ ልጅቷን ትሰጠዋለች። እሱ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ያወልቃል፤ እሷ አንድ እግሯን አንሥታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ጫማዋን ታጠልቃለች።

"ሳል አላት፣ ሽሮፑን ስጣት።"

"ኦኬ።"

"የቤቱን ሬንት እንዳትረሳ።"

"እሺ።"

"መኪናው ላይ ጋዝ ሞልተሃል?"

"ሞልቻለሁ።"

ስምንት ተኩል ሲል ሰብለወርቅ የለችም። ቀኑን ሙሉ የጠበቁት ትዳር ይኸው ነው፤ አሥር ደቂቃ፣ እሱም ቆመው።

ክፍሉ እንዲህ የሚጣደፍ ሰው አልነበረም። ሞጆ ተወልዶ፣ ናዝሬት ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ ወሬ በእርጋታ የሚወድ ሰው ነው። ሰብለወርቅን ያገኛት ናይሮቢ ነው፤ ሁለቱም ስደተኞች ሆነው የአሜሪካ ወረቀታቸውን ሲጠብቁ። ሁለት ዓመት ጠበቁ። ሥራ የለም፣ ገንዘብ የለም፤ ጊዜ ግን እንደ ጉድ ነበር። ከተከራዩአት ክፍል ፊት ለፊት ያለ የድንጋይ አጥር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስኪመሽ ያወሩ ነበር። ስለ ምን? ስለ ምንም። አሁን ሰዎች "አገር ቤት አይናፍቅህም?" ሲሉት ለወጉ ያህል "እንዴታ!" ይላል። እውነቱን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እሱን የምትናፍቀው ሚስቱ ነች፤ በየቀኑ በር ላይ የሚያገኛት የገዛ ሚስቱ። ይህን ደግሞ ለማን ይናገሩታል? ሰው ይስቃል።

ነገሩ የተጀመረው በጫማ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1996፣ አስፋልት በሚያቀልጠው የነሐሴ ሙቀት፣ ሰብለወርቅ ስትጣደፍ የክፍሉ የሥራ ጫማ ጠለፋትና ጉልበቷ ተላጠ።

"ይሄ በር አንድ ነገር ካልተደረገለት አንድ ቀን አንገቴን እሰብራለሁ!" አለችው። "የጫማ ማስቀመጫ ግዛ እንጂ። ማለቴ፣ ውድ አይሁን።"

ክፍሉ ቅዳሜ ልጁን ይዞ በእግሩ አቅራቢያቸው ወዳለው የዕቃ መደብር ሄደ። እዚያ አንድ አግዳሚ አየ። ክዳኑ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ጫማው ውስጡ ይገባል፤ ክዳኑ ሲዘጋ ሰው ይቀመጥበታል። ዋጋውን ሲያይ የሌላ ዕቃ ወረቀት በስሕተት የተለጠፈበት መሰለው። ግን ከአግዳሚው ፊት አልሄደም። ሰው ይቀመጥበታል! እነዚያ አሥር ደቂቃዎች እኮ የሚባክኑት በቁማቸው ስለሆነ ነው፤ የቆመ ሰው ትእዛዝ ሰጥቶ ይሄዳል፣ የተቀመጠ ሰው ግን ያወራል። ሐዳሳ "እንሂድ" ብላ ሱሪውን እስክትጎትተው ድረስ እዚያው ቆሞ ይህን ሲያስብ ነበር።

መጋዝ ይዞ አያውቅም። ቢሆንም ካርጎ ክፍል ዕቃ የሚደረደርበት፣ የተሰባበረ የእንጨት ፓሌት በየቀኑ ይጣላል፤ አለቃውን አስፈቅዶ ደህና ደህናውን ጣውላ እየመረጠ መኪናው ውስጥ ከተተ። የገዛው ሚስማር፣ ኮላና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው። መጋዝና መዶሻ የሥራ ባልደረባው ተስፋ አዋሰው። ከሰዓት በኋላ ሐዳሳ ስትተኛ፣ በረንዳው ላይ ላብ እያጠመቀው የዛገ ሚስማር ይነቅላል፣ ይቆርጣል፣ ይፈትጋል። መዶሻው ከሚስማሩ ይልቅ አውራ ጣቱን ወደደው። ሰብለወርቅ በረንዳውን አይታ "ይሄን ቆሻሻ ከየት ሰበሰብከው?" አለችውና መልሱን ሳትሰማ ወረደች።

መምህር ነውና ሥራውን በንድፍ ጀመረ። የቤቱን ጫማ ሁሉ ወለሉ ላይ ደርድሮ ለካ፤ በልኩ ሣለ፤ በልኩ ቆረጠ። በሁለት ሳምንት ሳጥኑ ቆመ። ጫማው ሁሉ እልም ብሎ ገባ። ክፍሉ ደስ ብሎት ተቀመጠበት፤ ምንም አይልም፣ አይነቃነቅም። ከዚያ ሰብለወርቅ አጠገቡ ያለች ይመስል ቦታ ሊለቅላት ፈቀቅ አለ። ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ ቀረ።

የሠራው ለጫማ እንጂ ለሰው አልነበረም። ይህ ሰው ካርታ ሠሪ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ወንዝ ሥሎ ሕዝቡን ይረሳ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ምን ያደርጋል፣ የሠራውን መልሶ አፈረሰ።

አሁን ሰው መለካት አለበት። የራሱን ለካ። የሚስቱንስ? ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻዋ ምን ያህል እንደሚሰፋ ሊያስታውስ ሞከረ። ፊቷ ይመጣል፣ ድምፅዋ ይመጣል፣ አጠገቡ ስትቀመጥ የምትይዘው ቦታ ግን አልመጣለት አለ። አብረው ጎን ለጎን የተቀመጡበትን የመጨረሻ ቀን ፈለገ፤ እሱንም አላገኘውም። ይህ እውነት አስደነገጠው። ያን ቀን እራቱን ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ ካርጎ ክፍል በዕረፍት ሰዓት ተስፋን ጠራው። ተስፋ ደልዳላ፣ ሳቂታ፣ እሑድ እሑድ ክፍሉንና ሐዳሳን በመኪናው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ሰው ነው።

"እስቲ እዚህ ሳጥን ላይ፣ አጠገቤ ቁጭ በል።"

"ለምን?"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ። ጠጋ በል። ኧረ ጠጋ በል!"

"ሰው ያየናል እኮ! ምንድነው በጠመኔ የምትጭረው?"

"የሰብልዬን ቦታ እየለካሁ ነው።"

"በእኔ?" ተስፋ ከት ብሎ ሳቀ። "እኔ እኮ ሁለት ሰብለወርቅ ይወጣኛል! ቤትህ ሄደህ ሚስትህን ለካት እንጂ።"

"መች አገኛታለሁ?"

ተስፋ ሳቁን አቆመ። "እንግዲያ መኪናውን ግዛኛ" አለው። ተስፋ ለመሸጥ የሚፈልጋት ቡናማ ኮሮላ አለችው፤ ሁለት ወር ሙሉ ሲወተውተው ነው። "ባለቤቴ ትርንጎና ሰብለወርቅ እኮ ፕላን ጨርሰዋል። ሁለተኛ መኪና ካላችሁ ጠዋት ሐዳሳን እኛ ጋ ድሮፕ ታደርጋታለች፤ ትርንጎ ትይዝላታለች። ቀን ቀን ትማራለች፣ ከዚያው ወደ ሥራ። አንተ ስትወጣ ልጅህን ከእኛ ፒክ ታደርጋለህ። በማታ ሦስት ዓመት የሚፈጀው በአንድ ዓመት አለቀ፣ ነርስ ሆነች! ምን ያስቸግርሃል?"

"እናስብበታለን" አለ ክፍሉ።

ሁለት ወር ሙሉ የሰጠው መልስ ይህ ነው። ተስፋ ከቋጣሪነት ቆጥሮታል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም "በአሜሪካ ምድር አንድ መኪና!" እያሉ ይተርቡታል። ሰብለወርቅ አልተረበችውም፤ አንድ ጊዜ ጠየቀችው፣ "እናስብበት" ሲላት ዝም አለች። እሱ ግን ስሌቱን ሠርቶታል። መኪናዋ ስትገባ እሷ ጠዋት ትወጣለች፤ እሱ ከሰዓት ልጁን ከትርንጎ ቤት አምጥቶ ባዶ ቤት ይገባል። ቁልፍ መስጠት የለ፣ ልጅ መቀበል የለ። አሥሩ ደቂቃ ሞተ ማለት ነው። ይህን ሊነግራት ያፍራል፤ ትምህርቷን ለአሥር ደቂቃ ሲል የሚያስቀር ወንድ ምን ይባላል?

የጠመኔው ምልክት ሲለካ ሠላሳ ስምንት ኢንች ሆነ፤ የተስፋን ትርፍ ሥጋ ቀንሶ ማለት ነው። ክፍሉ አዲሱን አግዳሚ በዚያው ልክ ቆረጠ። ወደ ፊት ሊያሰፋው አልቻለም፤ የቤቱ በር መከፈት አለበት። ርዝመቱ ደግሞ ከግድግዳው አልፎ ኮት የሚሰቀልበትን የግድግዳ ቁም ሣጥን፣ የክሎዜቱን በር ዘጋ። ክፍሉ ጥቂት አሰበና የክሎዜቱን በር ነቅሎ አልጋው ሥር ከተተው። ማጠፊያዎቹ ሥራ ፈትተው እንዳይቀሩ ለአግዳሚው ክዳን አደረጋቸው። የአፓርትማው ማኔጀር ያየች ቀን ጉድ ይፈላል፤ ይፍላ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ጨርሶ ቦታው አስገባው። ያማረ ሥራ አልነበረም፤ አንዱ ጣውላ ላይ የፓሌት ፋብሪካው ጥቁር ማኅተም አልለቅ ብሎ ቀርቷል። ጠንካራ ግን ነበር፣ ለሁለት ሰውም ይሆናል።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ በሩን ሲከፍት ሰብለወርቅ ጫማዋን አድርጋ ክሩንም አስራ ጨርሳ ነበር። ቆማለች። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ቦርሳዋ ነው። ሐዳሳ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

"ተቀመጪ" አላት፣ ቁልፉን ሳይሰጣት።

"ይረፍድብኛል።"

"ሁለት ደቂቃ።"

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ልክ ሆኑ፤ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው።

"ለጫማ ነው እኮ ያልኩህ" አለች። "ይሄን ሁሉ ምን አስረዘመው? የክሎዜቱስ በር የት ገባ?"

"አልጋው ሥር።"

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ዝም አሉ። ክፍሉ ሲያልመው የከረመው ወሬ ሁሉ ጠፋበት። አምስት ዓመት አብራው የኖረችው ሴት አጠገቡ ተቀምጣ እንደ አዲስ እጮኛ አሳፈረችው፤ እሷም እግሯን እግሯን ታያለች። ስለ ሽሮፕ፣ ስለ ሬንት፣ ስለ ጋዝ ካልሆነ ሌላ የሚባባሉት ነገር ያለ አልመሰለም። ክፍሉ ልቡ ክፉኛ አዘነ። ይህን ሁሉ የደከመው ለዚህ ዝምታ ነው?

"ተስፋ ነገ መኪናውን ያመጣል" አለች ቀና ሳትል። "ለትርንጎ እሺ ብያታለሁ። አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ክፍሉ።"

"ከመጣን ጀምሮ 'አንድ ዓመት ብቻ' ያላልነው ምን አለ?"

"እንድማር አትፈልግም፣ አይደል? ዝም ያልኩት አውቄው ነው።"

"ተማሪ። ማን አትማሪ አለሽ? እኔ..." ቁልፉን በእጁ አገላበጠ። "መኪናው ሲመጣ አንቺን የት ነው የማገኝሽ? ያለኝ ይቺ በር ናት። ናፍቀሽኛል፣ ሰብልዬ። እዚሁ ቤት ሆነሽ ናፍቀሽኛል።"

 ሰብለወርቅ ቁልቁል ስታይ አውራ ጣቱን አየች፤ ጥፍሩ ጠቁሯል። እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛው ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው በሚጠየቅበት ድምፅ፣

"እንዴት ከረምክ?" አለችው።

ክፍሉ "ደህና" ሊል ጀምሮ ተወው። ሐዳሳ ማታ ማታ የእናቷን ሹራብ ካላቀፈች እንደማትተኛ ነገራት፤ አንዳንድ ቀን ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ሹራቡን እሱ እንደሚወስደውም ነገራት። ተስፋን አስቀምጦ በጠመኔ እንደለካው ሲነግራት አፏን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋን ግን መያዝ አልቻለችም። እሷም አንዲት የምትጦራት አሮጊት "ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?" ብላ ስትጠይቃት ምን ብላ እንደምትመልስ ግራ እንደገባት ነገረችው።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆነ። ሰብለወርቅ ሰዓቷን አየች። ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አኖረችና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ፈታች።

"ይረፍድብሻል እኮ" አላት ክፍሉ።

"ይርፈድ" አለችው። "ሱፐርቫይዘሬ ለምን እንዳረፈድኩ ከጠየቀችኝ፣ ያለን አንድ መኪና ነው እላታለሁ።"