ሸራ የለበሰው ዳስ

ሴቷ ልጄ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። ባሏ መሰላሉ ላይ። ታላቅ ወንድሟ ከመሰላሉ ሥር። እኔ ዳሱ ውስጥ፣ ሳህን ከደረደርኩበት ጠረጴዛ አጠገብ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ቦታው ሪችፊልድ የምትባል የባሕር ማዶ ከተማ፣ የልጄ ቤት ጓሮ ነው። ባሏ አይሁዳዊ ነው። በየዓመቱ የመከር በዓላቸው ሲደርስ ጓሮው ውስጥ ዳስ ይሠራል፤ በዓሉ እስኪያልፍ እዚያ ይበላሉ። ግድግዳው ጣውላ፣ ጣራው የበቆሎ አገዳና ቅርንጫፍ ነው።

ወንድሟ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ አገባች ብሎ ደጇን ረግጦ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ለምኜ አመጣሁት። ሁለቱ ልጆቼ ከአንድ ገበታ እንዲበሉ ነበር የፈለግሁት።

ባልና ሚስቱ ከሥራ ሳይመለሱ ዝናብ ጀመረ። ወንድሟ ቀና ብሎ የጣራውን ክፍተት አየ። ማንም ሳይጠይቀው ከፒካፕ መኪናው ሸራ አውርዶ ዳሱን አለበሰው፤ ዙሪያውን በገመድ ወጠረው። እኛ ዘንድ የሠርግም የለቅሶም ዳስ ሸራ ይለብሳል። እኔም መረቅኩት።

አማቼ እንደመጣ ጣራውን አየ። መሰላል አቆመና ቢላዋ ይዞ ወጣ።

«ምን ሊያደርግ ነው?» አለ ወንድሟ።

«ጋሼ፣ ሸራ አይሆንም። ሕጋቸው ነው» አለች ልጄ ከበሩ። «ማታ በጣራው ኮከብ መታየት አለበት።»

«በዚህ ዝናብ? ባልሽ ኮከብ ቆጣሪ ነው እንዴ?»

«ተወው፣ በኋላ አስረዳሃለሁ።»

«እኔ ያለበስኩትን እኮ ነው የሚገፈው።»

አማቼ ከላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ፤ ገመዱን ግን ቆረጠው። ሸራው ላይ የተጠራቀመው ውሃ ወንድሟ ራስ ላይ ተዘረገፈ።

ወንዱ ልጄ የመሰላሉን እግር ይዞ ጎተተ። አማቼ ጣራውን ሰንጥቆ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሳህኖቹ ከሥሩ ደቀቁ። ክንዱ ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ አገዳ ነው የተሰበረው። ተነሣና በደህናው እጁ ጣውላ አንሥቶ ዘሎ ዳሱ ውስጥ የገባውን ወንዱን ልጄን ግንባሩን ፈለጠው። ልጄ ደሙን አልጠረገም። አማቼን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አፉን በቡጢ ደበደበው። ግድግዳው ተነቀለ፤ ሁለቱም ጭቃ ላይ ወደቁ። ሴቷ ልጄ ልትገላግል መሐል ስትገባ የወንድሟ ክርን አፏን መታት። ጥርሷን መዳፏ ላይ ተፋች።

ዳሱ የተሠራበትን መዶሻ ከመሬት አነሣች።

«አሁን ፖሊስ ኮል አድርጊ» አለ ወንድሟ እያለከለከ።

«ፖሊስ አልፈልግም። አንድ እርምጃ ጨምርና ጭንቅላትህን እከፍተዋለሁ።»

ቆመ። እሷም እንደቆመች ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ አንቺ ቤትሽ ነው። እሱን ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳታመጪብኝ።»

ወንዱ ልጄ በደም በተሸፈነ ዓይኑ መኪና መንዳት አይችልም ነበር። ሸራውን ከጭቃው አንሥቼ ጠቀለልኩና ፒካፑ ላይ ጫንኩት። ቁልፉን ከእጁ ተቀበልኩ። እሱን አስገብቼ በሩን ዘጋሁና ሞተሩን አስነሥቼ ሄድኩ።