የሊንክ እቁባችን

ሰው ሮቤ ወይም ጎባ ውስጥ የሚያድርበትን ቤት በስልኩ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት እግሩ ባሌን ረግጦ የማያውቅ ሰው የጻፈው ገጽ ነው። ይህ ነገር ደሜን ያፈላው ነበር፤ አሁንም ያፈላዋል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው የሰሜንን ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ይለጥፉና «የባሌ ተራሮች ድንቅ እንስሳ» ይላሉ። ባሌ ጭላዳ የለም! ሮቤና ጎባ የአንድ ከተማ ሁለት ስሞች ናቸው ብሎ የጻፈም አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ቅጥፈት ደርድረው እነሱ ከላይ ናቸው፤ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አንሶላ እያጠበችና ለእንግዳ ውኃ እያሞቀች የኖረችው እህቴ አራተኛው ገጽ ላይ ናት። አራተኛ ገጽ ድረስ የሚሄድ ሰው ደግሞ ወይ ሥራ የፈታ ነው ወይ የማረፊያው ባለቤት ነው።

የእህቴን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሮቤ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፋይል ጋር የምውል ሠራተኛ ነኝ፤ ድረ ገጽ መሥራትን ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። የእሷን ያየ ሁሉ «ለእኔም» እያለ መጣና የስድስት ሰው ድረ ገጽ እጄ ላይ ወደቀ። የእህቴ ማረፊያ አለ፤ የሐረና ጫካ ማር የሚሸጥ ሰው አለ፤ እንግዳ በፈረስ ወደ ሳነቴ አምባ የሚያወጣ አስጎብኚ፣ መኪና አከራይ፣ ወደ ጎሮ መውጫ ላይ ያለ የሆቴል ባለቤትም አሉ። ስድስተኛዋ ጎባ ውስጥ ስምንት ክፍል የሚያከራዩ ትልቅ ሴት ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በእነዚያ ስምንት ክፍሎች ነው፤ ሌላ ምንም የላቸውም።

የኢንተርኔት መፈለጊያው ማንን ከላይ እንደሚያስቀምጥ ለማወቅ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሌሎች ድረ ገጾች ወደ አንተ ሊንክ ካደረጉ፣ ማለትም አንባቢያቸውን ወደ አንተ ከላኩ፣ እንደ ምስክር ይቆጠርልሃል። ባክሊንክ ይሉታል። ምስክር የበዛለት ከፍ ይላል። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ቢመሰካከሩ ግን መፈለጊያው እንደሚነቃባቸውም አነበብኩ። ታዲያ እዚህ ላይ ነው ብልጥ የሆንኩት። አሁን ሳስበው ያን ቀን ኮምፒውተሩን በመስኮት ወርውሬው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

እቁብ እንግባ አልኩ። የብር ሳይሆን የሊንክ እቁብ። ዕጣ እንጥላለን፤ ዕጣ ለወጣለት ሰው ሌሎቻችን ሁላችንም ሊንክ እናደርግለታለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ለሚቀጥለው። በአንድ ቀን ስላልተመሰካከርን ማንም አይነቃብንም ብዬ አሰብኩ። እህቴ ሳሎን ሰብስቤ ሳስረዳቸው ግማሹ ስለ ሊንክ የገባው ነገር አልነበረም፤ እቁብ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን የሁሉም ፊት በራ። ማር ሻጩ «ወላሂ፣ ይሄማ የምናውቀው ነገር ነው!» አለ። ወዲያው ዳኛ አድርገው መረጡኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ።

የመጀመሪያው ዕጣ ለእህቴ ወጣ። ሁለተኛው የእትዬ ነበር። እሳቸው ግን የአስጎብኚው ሚስት በዚያው ሳምንት መውለዷን ሰምተው ነበርና «ለእሱ ይሁንለት፤ እኔ የመጨረሻውን እወስዳለሁ» ብለው ዕጣቸውን ለቀቁለት። በእቁብ ወግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁላችንም መረቅናቸው።

ሥራው ጦፈ። የራሳችን ስድስት ገጽ አልበቃን ብሎ በነጻ የሚከፈት ብሎግ በየዘመዱ ስም ከፈትን። ብድሬ ከተማ ከብት የሚነግደው የአስጎብኚው አጎት እንኳ፣ በዕድሜው ኢሜይል ልኮ የማያውቅ ሰው፣ ስለ ማረፊያ ቤት የሚጽፍ ብሎገር ሆነ። ምን ብለው እንደሚጽፉ ግራ ስለገባቸው ጽሑፉን እኔው አዘጋጅቼ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። እነሱም ነጥብ ሳይቀይሩ ይለጥፉታል። እኔ ነኝ ያ ጥፋተኛ! በሃያ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከአንድ ከተማ። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚነቃበትን ነገር ማሽን አይነቃበትም ብዬ ተማመንኩ።

መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሠራ፤ ክፋቱ ይኸው ነው። እህቴ ከአራተኛው ገጽ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ወጣች። ያ የጭላዳ ፎቶ ለጣፊ ከእሷ በታች ሲወርድ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። አምስቱም በየተራቸው ወሰዱ። የቀሩት እትዬ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ገብቼ ስልኬን ከፍቼ ባይ እህቴ የለችም። አራተኛው ገጽ ላይም የለችም። የማረፊያውን ስም ራሱን ብጽፍ የሌላ ሰው ቤት ይመጣል። ማር ሻጩን ፈለግሁ፣ የለም። አስጎብኚው፣ መኪና አከራዩ፣ ሆቴሉ፣ አንዳቸውም የሉም። ጭላዳው ግን አለ፤ ከላይ ተጎልቶ ያየኛል። እውነተኞቹ እኛ ነን፣ አልጋው የእኛ ነው፣ ተራራው የእኛ ነው፤ አታላይ ተብለን የተባረርነው ግን እኛ ሆንን። ደግሞም አታለናል፤ ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው።

የእትዬን ስፈልግ መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ሦስተኛ ረድፍ ላይ አገኘኋቸው። ዓይኔን አላመንኩም። ምን ደግፎ እንዳቆማቸው ሳጣራ ከውጭ ያላቸው አንድ ሊንክ ብቻ ነው። አንዲት መንገደኛ ሳነቴ ላይ ከፍታው አሟት፣ ራሷን ይዛ እሳቸው ቤት ትገባለች። እትዬ ሦስት ቀን ሾርባ እየሠሩ፣ ብርድ ልብስ እየደራረቡ አስታመዋታል። አገሯ ስትመለስ ያንን ሁሉ ቁጭ ብላ ጻፈችው፤ ከጽሑፉ መሐል ወደ እትዬ ገጽ ሊንክ አደረገች። እትዬ ይህን አያውቁም ነበር። እኔም ድረ ገጻቸውን የሠራሁት ሰውዬ አላውቅም ነበር።

በእሑዱ ጎባ፣ እትዬ ቤት ሰበሰብኳቸውና እቁቡ ይፍረስ፣ ሊንኩን ሁሉ እንንቀል አልኩ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለከቱኝ።

«እሺ ልጄ፤ የእኔ ዕጣስ?»

«እትዬ፣ እርስዎ ከላይ ነዎት። ይሄ ሊንክ ከተጨመረብዎ እንደኛው ይጠፋሉ።»

«እናንተ ስትወስዱት መድኃኒት ነበር፤ ለእኔ ሲሆን መርዝ ሆነ?»

«እኛንም እኮ ገደለን! ይዩ፣ ይኸው» ብዬ ስልኬን ዘረጋሁላቸው። ስልኩን አላዩትም፤ የሚያዩት እኔን ነበር።

«ዕጣዬን ለሰው የለቀቅሁት ለዚህ ነው? በዚህ ዕድሜዬ ከእቁብ ተባርሬ?»

አስጎብኚው አንገቱን ደፍቶ «ዱጋ ጄተኒ፣ እውነታቸውን ነው» አለ። መኪና አከራዩ ወደ እኔ ዞሮ «ዳኛው አንተ ነህ። ስጣቸውና እንገላገል። የባልቴት ዕጣ በሉ ተብለን እንዴት ነው ሮቤ ላይ የምንሄደው?» አለኝ። ማር ሻጩም ሐራም ነው አለ። እህቴ እንኳ ከጎኔ ተቀምጣ እግሬን በእግሯ ነካ አደረገችኝ፤ ስጣቸው ማለቷ ነው። አንዳቸውም ስለ እትዬ ክፍሎች አላሰቡም። የፈሩት ስማቸውን ነበር። ሁሉንም በያሉበት ልሰድባቸው ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

አልተሳደብኩም፤ እኔም ስሜን ፈራሁ። እምቢ ብል ምን ይመጣ ነበር? ጥቂት ወር እቁብ በላ ተብዬ እታማ ነበር። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ፊት ይነሱኝ ነበር። ክፍሎቻቸው ግን እንግዳ አያጡም ነበር። ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቄዋለሁ። ሳላውቅ ሠራሁት የምልበት መንገድ የለኝም። ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ሊንኮቹን አንድ በአንድ ወደ እሳቸው አዞርኩ። ስጨርስ እትዬ እፎይ አሉ፤ ሌሎቹም እፎይ አሉ።

ወር ሳይሞላ እትዬ ከመፈለጊያው ጠፉ። ሁሉንም ሊንክ ነቀልኩ፣ ብሎጎቹን አጠፋሁ፣ ይቅርታ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ ላክሁ። መልስ የለም። የዚያች መንገደኛ ጽሑፍ ዛሬም አለ፤ እኛ የከመርንበት ቆሻሻ ግን ዋጋ አሳጣው። በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ሰው «እትዬ እንዴት ናቸው?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ለሥራ ጎባ ሄጄ በበራቸው ሳልፍ ከግቢያቸው ጠሩኝ። የስምንቱም ክፍል ብርድ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ሁሉም በአንድ ቀን። አንዱም ክፍል እንግዳ የለበትም ማለት ነው። እንግዳ እንዴት ነው ብዬ መጠየቅ አቃተኝና ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ።

«ደኅና ነኝ ልጄ። እንግዳው ግን ጠፍቷል፤ ጊዜው ይሆናል» አሉ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «የሰው ዕጣ የማትበላ፣ አንተን የመሰለ ልጅ አላየሁም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።