እንፋሎትና ሌንሳ የተገናኙበት ገጽ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ኮሚክ ምን እንደሆነ አስረድቼ ሳልጨርስ ኃጢአቴ ቀልድ ይሆንብኝ ነበር። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ።

አምቦ ውስጥ ታሪክ በሥዕል እየተረኩ የሚያሳትሙ ሁለት ኮሚክ ሠሪዎች ነበሩ። ደረጀ በባጃጅና በሱቅ ግድግዳ ላይ እየሳለ የሚኖር ሰው ነው። በአማርኛ የሚያወጣው ጀግና «እንፋሎት» ይባላል፤ ፍልውሃ ውስጥ ወድቆ የተረፈና ሲናደድ አፍንጫው የሚጨስ ጎረምሳ ነው። ጫልቱ ነርስ ናት። በአፋን ኦሮሞ የምታወጣት ሌንሳ ከደንዲ ሐይቅ የወጣች ሴት ናት፤ የጠፋ ታናሽ ወንድሟን ፍለጋ ከከተማ ከተማ ትዞራለች። የሁለቱ አንባቢዎች በአንድ ሚኒባስ ጎን ለጎን እየተቀመጡ አንዱ የሌላውን ጀግና አያውቅም ነበር። እኔ፣ ብዙ ያነበብኩት፣ በሁሉም ነገር አስተያየት የማያጣው ሰውዬ፣ ሁለቱን ዓለሞች በአንድ ታሪክ አገናኛለሁ ብዬ ተነሣሁ። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

ጭማቂ ቤት ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ የኔን ሰውዬ በሴት እንዳታስደበድበው!» አለ ደረጀ።

«ማንቆርቆሪያ ነው እንጂ ሰውዬ ነው እንዴ?» አለችው ጫልቱ።

ደረጀ እየሳቀ ስልኩን ሊያነሣ ወጣ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ። ሌንሳ የምትፈልገው ልጅ አይገኝም። በሕይወትም ሞቶም አይገኝም።»

«ታሪክ መጨረሻ ይፈልጋል» አልኳት።

«ይሄኛው አይፈልግም። እማዬ ዛሬም በሩን ሳትቀረቅር ነው የምታድረው።»

የጫልቱ ወንድም ገመቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ሌንሳ የምትፈልገው ልጅ ፊቱ የገመቹ ነው፤ ቅንድቡን የከፈለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። እናታቸው አደ ድንቄ ጊንጪ ብቻቸውን ይኖራሉ። «እሺ» አልኳት። በአፌ እሺ አልኩ።

እኔ ግን ጻፍኩት። ሁለት ጀግኖች ተገናኝተው እንዲሁ ባዶ እጃቸውን ይለያዩ? አንባቢ ማልቀስ አለበት፤ ሲያለቅስም ማን እንዳስለቀሰው ማወቅ አለበት። በመጨረሻው ገጽ እንፋሎት የሌንሳን እጅ ይዞ ወደ አንድ መቃብር ይወስዳታል፤ ከመቃብሩ በላይ የልጁ ፊት ይታያል። ደረጀ ፊቱን ከጫልቱ የቀድሞ እትሞች አስመስሎ ሳለው። የነገረችኝን አልነገርኩትም። እሷ ለሥልጠና አዳማ ነበረች፤ ሳታየው ታተመ። ስትመለስ ታደንቀኛለች ብዬ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ታደንቀኛለች!

በታተመ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ገና ሲነጋጋ ጊንጪ ላይ ወረድኩ። «የልጅዎን ሥራ ይዩላት» ብዬ አንድ ቅጂ ለአደ ድንቄ ልሰጥ ነው። በሩ እንደተባለው ገርበብ ብሏል። ረዳቱ መንገድ ላይ ቆሞ «ቶሎ በል፣ ጥለንህ ነው የምንሄደው!» ይለኛል። አልተቀመጥኩም፤ ዓይናቸውንም በቅጡ አላየሁም። ማንበብ አይችሉም። ሥዕል ማየት ግን ማንን ያቅተዋል?

አሁን እናንተ ፍረዱ። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት ነው የሚነገረው? በማለዳ ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ይመጣል፤ ነገሩን ፊት ለፊት አይናገርም፣ ዙሪያውን ይዞራል። እኔ በማለዳ መጣሁ። ጸጉሬ ሸብቷል። የልጃቸውን ፊት ከመቃብር በላይ አድርጌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ደጃፋቸው ላይ የዕድር ድንኳን ተተክሏል።

የገባሁት ልናገር ነበር፤ ይህን በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ሽማግሌዎች ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። አደ ድንቄ ጥቁር ለብሰዋል፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አንተ ነህ ያመጣህልኝ። ከማን ሰማህ?»

ከራሴ። መልሱ ይኸው ነበር፣ አንድ ቃል። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አፍንጫው ስለሚጨስ ጎረምሳ ማስረዳት አሳፈረኝ። ለአንዲት እናት ልጅ ከማሰብ ይልቅ ለራሴ እፍረት ማሰብን አስቀደምኩ። አንገቴን ደፋሁ። ለቅሶ ቤት አንገት መድፋት መልስ ነው። ዋይታው እንደ አዲስ ተነሣ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ።

ጫልቱ እየበረረች መጣች። «እማ፣ የፈጠራ ነው፣ ማንም ምንም አልሰማም» አለቻቸው። መርዶ የሰማች እናት ይህን ማጽናኛ ነው ትላለች እንጂ አታምንም። «አትደብቂኝ፣ አውቄዋለሁ» አሏት። ጫልቱ እኔን ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«ገጹን ማን አሰበው?»

«ደረጀ» አልኩ።

ይህችንም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስታየው መንገድ ትሻገራለች፤ እሱም «የልጁን ፊት በእጄ ስለሳልኩት ነው» እያለ ራሱን ይበላል። ሌንሳን የሳላት የለም።

በቅርቡ አደ ድንቄን ጊንጪ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ጥቁሩን አላወለቁም። ጉንጬን ሳሙኝ።

«በማለዳ መጥተህ ነገርከኝ፤ ለቅሶም ደረስክልኝ። እግዜር ይስጥህ። አሁን በሩን ቀርቅሬ ነው የምተኛው፤ እንቅልፍም ይወስደኛል።»

«ደህና ይዋሉ» ብዬ ተሳፈርኩ።

እንደኔ ያለ ጸሐፊ ከዚህ ምን እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ልብ ወለድ አሳረፈ፣ ጥርጣሬ ሲበላት የኖረች እናት እንቅልፍ አገኘች ይላል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ፣ ባማረ ዓረፍተ ነገር። ግን ገመቹ መሞቱን አላውቅም። ማንም አያውቅም። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የሚወርዱትን ሰዎች ቅንድብ አያለሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ማንበብም አልቻልኩም።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ በሩ የተዘጋው በእናንተ ላይ አይደለም። ያ ልጅ ከነዚህ ሌሊቶች በአንዱ መጥቶ ሲያውቀው የኖረውን በር ቢገፋ አይከፈትለትም። የቀረቀርኩበት እኔ ነኝ።